ወይዘሮ አይሆንም ሦስቴ የመለሰችው ፎርም

"አይሆንም" አለችና ፎርሙን በመስታወቱ ቀዳዳ መልሳ ገፋችልኝ...

ስመላለስ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

"እህቴ፣ ምኑ ነው የማይሆነው?" አልኳት።

"አስምሬበታለሁ። ቀጣይ።"

ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም...

ቤት የቀሩት የልጄ ኪኒኖች ሁለት ናቸው። አንዱ የዛሬ ማታ፣ አንዱ የነገ ጠዋት።

ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን በሰዓቱ ከወሰደች እንደ እኩዮቿ ትማራለች፣ ትስቃለች፣ ከእኔም ጋር ትጨቃጨቃለች። አምና ሁለት ቀን ብታቋርጥ ግን ደረጃ ላይ ወድቃ ግንባሯ ተሰፋ።

ያኔ ኢንሹራንስ ነበረን። ባለቤቴ የሚሠራበት ፋብሪካ ሲዘጋ ኢንሹራንሱም አብሮ ተዘጋ...

ሐኪሟ ናት "እዚሁ ሆስፒታል የነፃ መድኃኒት ክፍል አለ፣ ሄደሽ ፎርም ሙዪ" ያለችኝ።

ሞላሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሴትዮዋ በቀይ እስክሪብቶ አስምራበት መለሰችልኝ። የእጅ ጽሑፌ አላማራትም ብዬ አዲስ ፎርም ወሰድኩና በልጄ ማስመሪያ እየተመራሁ፣ አንድ ቃል ሳልለውጥ ገለበጥኩት።

እሱንም አስምራ መለሰችው።

ሦስተኛውን ልጄ ራሷ ገለበጠችልኝ። የእሷ ጽሑፍ የታተመ ነው የሚመስለው...

ይኸው እሱም ተመለሰ።

ከኋላዬ የቆመ አንድ ሹፌር ጠጋ አለኝ።

"ስሟን አታውቂም እንዴ? ወይዘሮ አይሆንም ነው የምንላት። ባሏ እንኳን 'ታገቢኛለሽ ወይ' ሲላት 'አይሆንም' ብላው፣ እሱ ጆሮው ስለሚከብደው ነው አሉ የተጋቡት።"

ሰልፉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚያን ቀን ጠዋት ስጸልይ ለፈጣሪ ከስሻታለሁ...

"ወደዚያኛው መስኮት ሂጂ" አለኝ ሹፌሩ። "ያ ወጣት የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። ምላሱ ማር ነው።"

ሄድኩ።

"እንዴት ዋሉ እናቴ? ይስጡኝ" አለኝ ወጣቱ። ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳልኝ።

ፎርሙን ሳያነበው ማህተሙን አነሳ...

ከጎኑ ያለው ወንበር ሲጥ ሲል ሰማሁ።

ወይዘሮ አይሆንም ተነስታለች። እጇን ከማህተሙ ስር አስገብታ ፎርሙን መነጨቀችው።

ሰልፉ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ።

"ምን በድዬሽ ነው?" አልኳት። "ነገ ማታ ልጄ የምትውጠው የላትም። ብትወድቅ አንቺ ነሽ የምታነሺያት?"

በጎን በር ወጣችና ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝ።

"ማንበብ ትችያለሽ አይደል? ያሰመርኩበትን አንብቢልኝ።"

እያለቀስኩ አነበብኩላት።

የቤተሰቡ የኑሮ ሁኔታ... "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም።"

መድኃኒቱን በራስዎ መግዛት ይችላሉ ወይ... "እስከ ዛሬ ያልጣለን አምላክ ነገም አይጥለንም።"

"ነፃ መድኃኒቱን የሚፈቅደው ኮሚቴ ይህን ሲያነብ ምን የሚል ይመስልሻል?"

ፎርሙን ደግሜ አየሁት።

"'ካልጎደለባት ምን ልታደርግ መጣች' ይላል። ማህተም ካረፈበት በኋላ ውድቅ ከተደረገብሽ ደግሞ ስድስት ወር ድጋሚ ማመልከት አትችዪም። ያ ወጣት ፈገግ እያለ ስንቱን ለስድስት ወር እንደሸኘ እኔ ነኝ የማውቀው።"

ግድግዳውን ተደገፍኩ...

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መስኮት ላይ ሆነን የምትጽፉትን መንገር ክልክል ነው። የምችለው ማስመር ብቻ ነው። እኔ አሰምራለሁ፣ አንቺ ጽሑፍሽን አሳምረሽ ትመጫለሽ።" ወዲያና ወዲህ አየች። "አሁን መስኮት ላይ አይደለሁም። ውኃ ልጠጣ ነው የወጣሁት።"

"ግን እህቴ፣ ጎደለብኝ ብዬ ብጽፍ አምላኬን ማማረር አይሆንብኝም?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

"እሱማ ያውቀዋል" አለችኝ። "የማያውቀው ኮሚቴው ነው።"

አዲስ ፎርም አምጥታ ሰጠችኝ። ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጻፍኩ።

"ባለቤቴ ሥራ የለውም። ኢንሹራንስ የለንም። የልጄን መድኃኒት መግዛት አልቻልንም። ነገ ጠዋት ያልቃል።"

ቸኩዬ ስለጻፍኩት ፊደሎቹ ሁሉ ተንጋደዋል። እሷ ግን አንድ ጊዜ አነበበችውና አላሰመረችበትም። "አስቸኳይ" የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ፣ ማህተሟን መትታ፣ ራሷ ይዛው ወደ ኮሚቴው ገባች።

ዞር ስል ሹፌሩ ሰልፉን ትቶ በሩ ጋ ቆሟል። ሲሰማ ነበር።

"እህቴ..." አለኝ የራሱን ፎርም ከጀርባው ደብቆ። "እኔም ለእናቴ 'ደህና ነን፣ ተመስገን' ብዬ ነው የሞላሁት። እስክሪብቶሽን ታውሺኛለሽ?"

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ። በዚያው በከሰስኳት አፌ ስመርቃት ቆየሁ...

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጠራሁ።

ተፈቅዷል። የሦስት ወር።

"ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነይ" አለችኝ ወይዘሮ አይሆንም ከመስታወቱ ጀርባ። "እስኪያልቅ እንዳትጠብቂ።"

በማግስቱ ማታ ልጄ ኪኒኗን በውኃ ስትውጥ አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። "ምነው እማ፣ ኪኒን ስውጥ አይተሽ አታውቂም?" ብላ ሳቀችብኝ...

ወገኖቼ፣ ለፈጣሪ ምስጋና፣ ለሚረዳን ሰው ደግሞ እውነቱን እንስጥ። ሁለቱ አይጣሉም። መድኃኒት መግዛት ያቃታችሁ ካላችሁ ሐኪማችሁን "የነፃ መድኃኒት የሚሰጥበት መንገድ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ አያዋርድም።

ፊቱን ያጠቆረብን ሁሉ ጠላት፣ የሳቀልን ሁሉ ወዳጅ እንዳይመስለን።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ... ሊረዳችሁ ከሚችል ሰው ችግራችሁን ደብቃችሁ ታውቃላችሁ? ያስደበቃችሁ ምን ነበር፣ እምነት ወይስ እፍረት?