ከዳምጠው አፍ የጠፉ ቃላት

ሰው በአደባባይ ለስድብ ያዋለው ቃል ከገዛ አንደበቱ መጥፋት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ምክንያቱን እስካሁን ያወቀ የለም። አብዛኛው ሰው ፈርቶ አፉን መጠበቅ ለመደ፤ የቴሌቪዥን ተንታኙ ዳምጠው ግን መሳደቡን አልተወም። የሌላውን ፓርቲ ሰዎች ጅብ ብሎ ጅብን፣ እባብ ብሎ እባብን መጥራት ተሳነው። «ቃሉ ለትግሉ ከጠቀመ ይጥፋ፤ ለቤቴ ምን ያደርግልኛል?» ይል ነበር።

ትናንት በቀጥታ ሥርጭት ላይ ተከራካሪውን «አንተ የባንዳ ልጅ!» አለው። ደጋፊዎቹ አጨበጨቡለት።

ቤቱ ሲገባ የስድስት ዓመቷ ማኅደር ሮጣ አቀፈችው። እንደ ልማዱ «ልጄ» ሊላት አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ደግሞ ሞከረ። ምላሱ ቃሉን ፈልጎ አጣው።

ማኅደር ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። «አባዬ፣ እኔን ሰደብከኝ እንዴ?»

«አንቺን አይደለም፣ ማኅደር። የሰደብኩት የሌላ ሰው...» አለና እዚያው ቃል ላይ ደርሶ ቆመ።

ያንን ሰውም በዚህችው ቃል የሚጠራው እናት ወይም አባት እንዳለው ያን ጊዜ ታየው። እንዲህ ያለች ትንሽ ቃል ስንት ቤት ሞልታ እንደምትኖር እያሰበ፣ ማኅደርን እንዳቀፈ ተንበርክኮ ቀረ።