መርዶ ብቻ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ እሳቱ ለሁላችንም ይበቃል። ነሐሴ ነው፤ የከተማችን የቆሰበር ዝናብ እንደሆነ ቆርቆሮ ሳይነቅል አይሄድም። አምና በዚሁ ወር የደጊቱን ጣሪያ ግማሹን ነፋስ ወሰደባት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያላት እድሯ ነው።

የእድሩ ጸሐፊ መሳፍንት ነው። ያንን ቴሌግራም የሚሉትን ግሩፕ ከፍቶ፣ አናቱ ላይ «እዚህ የሚነገረው መርዶ ብቻ ነው» ብሎ ለጥፏል። ሰው በግ ሲሸጥበት፣ ሰርግ ሲጠራበት አንገሽግሾት ነው እንጂ ክፉስ አይደለም።

ደጊቱ ግሩፑ ላይ በድምፅ መልእክት ላከች። «ልጆቼ፣ ዝናቡ አልጋዬ ላይ ነው። የእድሩ ድንኳን መጋዘን ከሚተኛ እስከ መስቀል አውሱኝ።»

መሳፍንት አጠፋው። «ከርዕስ ውጪ ነው፣ እትዬ ደጊቱ።»

ደግማ ላከች። ደግሞ አጠፋው።

ባለባጃጁ ስንታየሁ «የጣሪያ ግሩፕ ይክፈቱ እንጂ!» ብሎ አላገጠባት። ሰዉም ያንን የሳቅ ምልክት ደረደረው። ጎረቤቷ ወርቅአየሁ «በብርድ ልትሞት ነው እኮ፣ እናንተ አረመኔዎች!» ብትል፣ መሳፍንት እሷን ጭራሽ ከግሩፑ አባረራት።

ቢቸግራት ደጊቱ ደወለችለት።

«ታዲያ ድንኳኑ በምን ይወጣል፣ ልጄ?»

«በሞት ብቻ። ሕግ ነው። ደግመው ከላኩ እርስዎንም አስወጣዎታለሁ።»

«እሺ ልጄ፣ ገባኝ» አለች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

በነጋታው ጠዋት ከደጊቱ ስልክ ግሩፑ ላይ ጽሑፍ ገባ። «ወይዘሮ ደጊቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ድንኳን ይዛችሁ ድረሱ።» የቀብር ሰዓት አልተጻፈበትም።

መሳፍንት ይህንን አላጠፋውም። «እኔ ነኝ የገደልኳት» እያለ ድንኳኑን በስንታየሁ ባጃጅ አስጭኖ በረረ። ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ተከተለ።

ወርቅአየሁ የደጊቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ደስ አለህ? ርዕስህ ደረሰልህ?»

«የት ናቸው?» አለ፣ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

«እኔ ቤት ናት። እዚህ ዝናብ ላይ ላስተኛት ኖሯል? መጀመሪያ ድንኳኑን ትከል!»

እሱ ራሱ ካስማውን መታ፣ ገመዱን ሳበ። እንባው ከዝናቡ ጋር ተቀላቀለ። ስንታየሁም ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ምሰሶ ያዘ፤ ያ ምላሱ የት እንደገባ እንጃ።

ወጥረው ሲጨርሱ ደጊቱ ፍራሿን ተሸክማ ከወርቅአየሁ ቤት ወጣችና፣ መሳፍንትን «የዚያን ጥግ ገመድ ጠበቅ አድርገው፣ ልጄ፤ እስከ መስቀል መተኛዬ ነው» አለችው።