የእትዬ ባዩሽ ጀሪካን

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ በር ላይ የቆማችሁትም ግቡ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር፤ መነኩሴ እንኳ የማይጾምበት።

እትዬ ባዩሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ባቡር ተሳፍረው እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ቤት ከች አሉ። በእጃቸው ቢጫ ጀሪካን።

ልጃቸው ማቲያስ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሆቴል ፓርኪንግ ይሠራል። ጸጋዬ ከሚባል «ሩምሜት» ጋር ይኖራል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሩምሜት! የአንደኛው መኝታ ቤት አልጋ አንሶላ እንደተገዛ ነው። ማቲያስ ታዲያ ቅጽ አይወድም፤ «ከማን ጋር ነው የምትኖረው» ሲባል ያልበዋል። የሚመጣለትን ፖስታ ሁሉ ሳይከፍት ይጥላል።

ጀሪካኑን ሲያይ ጠበል መሰለው። የእናቱ ጎረቤት የብርሃኔ ልጅ ወንድ ይወዳል ተብሎ ሦስት ሳምንት ጠበል መጠመቁን ሰምቷል። «የእኔንም ደረሱበት» አለ በልቡ።

«ከአሁን ጀምሮ እህል እንዳትቀምስ» አሉት እናቱ።

«በበዓለ ሃምሳ?»

«ይሄን ጠጣ። ውስጥህ ያለው ሁሉ ጥርግ ብሎ ይወጣል።»

«እማዬ፣ ማን ምን ነገረሽ?»

«የሚነግረኝማ ነገረኝ። አባትህን ዝም ብዬ ቀበርኩ፤ በአንተ ግን ዝም አልልም!»

ማቲያስ ወደ ጸጋዬ ዞረ። ጸጋዬ አንገቱን ደፍቶ ከገበያ ያመጣውን የሽንት ቤት ወረቀት ይደረድራል። «ከዳኝ!» አለ ማቲያስ በልቡ።

ጠጣው። ጨው ጨው ይላል። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፤ ሲሮጥ፣ ሲመለስ፣ ደግሞ ሲሮጥ። እትዬ ባዩሽ በር ላይ ቆመው «ጠራ?» ይላሉ።

«ኧረ አለቅሁ፣ እማዬ!»

«ገና ነህ፤ ድገም!»

በማግስቱ ጠዋት በጸጋዬ መኪና ሦስቱም ወጡ። እትዬ ባዩሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀመጡ። ማቲያስ ከኋላ ሆኖ ያሰላስላል። ተወው ቢሉኝ ጸጋዬን አልተወውም፤ እናቴን አጥቼስ እንዴት እኖራለሁ?

መኪናው ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ አንድ ሕንፃ በር ላይ ቆመ። ውስጥ እንግዳ የምትቀበለው ፀዲ ናት፤ የእትዬ ባዩሽ ዕድርተኛ፣ ወሬ የማያመልጣት።

«አባቱን ለወሰደው ለአንጀት ካንሰር ምርመራ ነው አይደል?» አለች፣ ጸጋዬ ከቆሻሻ ቅርጫት ያነሣውን የሐኪም ደብዳቤ ተቀብላ። «ማደንዘዣ ስለሚሰጠው ወደ ቤት የሚወስደውን ሰው ልመዝግብ። ይሄ ጓደኛው ነው?»

«ባሉ ነው፤ ጻፊ» አሉ እትዬ ባዩሽ።