ለወገብ የሚመች ብስክሌት

ሀዲስ በባሕር ዳር ብስክሌት ጋላቢዎች ዘንድ የሚታወቀው ምቾት በመውደዱ ነው። የእሽቅድድም ብስክሌቱን መሪውን ከፍ፣ ጎማውን ወፈር፣ ኮርቻውን ለስለስ አድርጎ አሠርቶታል። «ወገቡ ያልደከመ ሰው ኋላ ይቀድማል» ይላል። ዓባይ ማዶ ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ጓደኛው አንዳርጋቸው፣ «ምቾት ካማረህ ባጃጅ አትሳፈርም?» እያለ ይስቅበታል።

ሚስቱ ሔራን ግን አልሳቀችም። ሀዲስ ቅዳሜ ቅዳሜ እንፍራንዝ ድረስ ጋልቦ፣ እዚያው አድሮ፣ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። ለወገቡ እንዲህ የሚሳሳ ሰው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጋልበው አየር ለመቀበል ነው? ይህን ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

በዚህ እሑድ አልተመለሰም። ስልኩም አይሠራም። ሰኞ ከሰዓት ዓባይ ማዶ ስትሄድ፣ ብስክሌቱ አንዳርጋቸው ሱቅ ውስጥ ታጥቦ ቆሟል። አንዳርጋቸው የተጣመመውን መሪ ያቃናል።

«ባለቤቱስ?»

ወትሮ ሳይቀልድባት አያልፍም ነበር። ዛሬ ብድግ ብሎ በርጩማ አቀረበላት።

«መሪው ቢጣመም በሚኒባስ ተጭኖ መጣ። እሱ እንፍራንዝ ቀርቷል። ነገ ይመጣል።»

«ማን ቤት?»

«አልጠየቅሁም» አለ፣ ዓይኑን ከመሪው ሳያነሳ።

ወንድ የወንድን ገመና ይሸፍናል። ሔራን ተቃጥላ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ጎረቤቷ ሰሚሐ እራት ይዛ ጠበቀቻት። «ሳትበዪማ ከዚህ ንቅንቅ አልል» ብላ ታጎርሳት ጀመር። ልጇን «ከልጆቼ ጋር ይደር» ብላ ቀድማ ወስዳዋለች። ስልኳንም ለአንድ ጥሪ ተውሳ አልመለሰችም፤ ደውላ እንዳትሳደብ ይሆናል። ሰፈሩ ውርደቷን ከእሷ ቀድሞ ሰምቷል ማለት ነው። ከክህደቱ ይልቅ አዘኔታቸው አንገበገባት።

«ለምን ትደብቁኛላችሁ? ሴት ቤት ነው፣ አውቄዋለሁ!» አለች። «ሞቱን ያሰማኝ!»

ጉርሻው ከሰሚሐ እጅ ወደቀ።

«ተይ እህቴ፣ እንዲህ አይባልም።»

ሔራን ደገመችው።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እሱ መስሏት ስድቧን አዘጋጅታ ከፈተች።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።