ከትንበያው በላይ

ትምህርት ሁሉ በኢንተርኔት በሆነበት በዚያ የኮሮና ዓመት፣ ኢዮብ በዓረብ አገር፣ ጁበይሃ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ትንሽ ቢሮ ይሠራ ነበር። ቢሮው እዚያው ያሉትን ኮምፒዩተሮች ለትምህርት ቤቶች በኢንተርኔት ያከራያል። የኢዮብ ሥራ ያለፈውን መረጃ አጥንቶ፣ ነገ ማሽኖቹ ላይ ምን ያህል ሥራ እንደሚጫን መተንበይ ነው። የመተንበያ ፕሮግራሙን ጽፎ እዚያው ማሽኖቹ ላይ የጫነው ደማቀች ለጽዳት በተቀጠረችበት ሳምንት ነበር። ደማቀች በሰዓት የምትሠራ፣ ምሳዋን የምታካፍለው ያገሩ ልጅ ናት።

ነገሩ ግን ከመጀመሪያው አልገጠመም። እውነተኛው ጭነት ሁልጊዜ ከትንበያው ይበልጣል። ኢዮብ ስሌቱን ደጋግሞ ፈተሸ፤ ስህተት አጣ። ፕሮግራሙ ጭነቱን በየሰከንዱ እንዲለካ አደረገ። ልዩነቱ ጭራሽ ሰፋ።

አለቃው ዶክተር ሙሀነድ ከቤቱ ደወለ።

«ኢዮብ፣ ወይ አንተ ሥራህን አትችልም፣ ወይ ማሽኖቹን የነካ ሰው አለ። የቱ ነው?»

ኢዮብ ከሥራ ከተባረረ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ይሰረዛል፤ ከአገር መውጣቱ ነው። ደማቀች ስልኳን አንዱ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታ ቻርጅ ስታደርግ ማየቱ ድንገት ትዝ አለው።

«የጽዳት ሠራተኛዋ ስልኳን ስትሰካ አይቻለሁ» አለ። «ቫይረስ አስገብታ ይሆናል።»

ዘበኛው ጠርቶ ሲያመጣት ማስኳ በእንባ ርሷል።

«ኢዮብዬ፣ ልጄን ላናግርበት ብዬ ነው ቻርጅ ያደረግሁት። ስለ ኮምፒዩተር ምን አውቃለሁ? እባክህ አንተ እንኳ ንገርልኝ!»

«እትዬ ደማቀች፣ እኔ ምን ላድርግ? ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

በዶክተሩ ትእዛዝ ፖሊስ ተጠራ። የእሷ ኢቃማ ጊዜው አልፎ ኖሯል። ወይብደህ ሰፈር ከተከራየችው ክፍል ልብሷን እንኳ ሳታነሳ ወሰዷት። ኤርፖርቱ ዝግ ስለሆነ ከእስር ወጥታ አገሯ የምትገባበትን ቀን የሚያውቅ አልነበረም።

«በል አሁን ቫይረሱን አጽዳ» አለው ዶክተሩ በስልክ።

ኢዮብ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ማብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ! ከዚህ ሆኜ እያየሁት ነው። ጭነቱ ወርዶ ልክ ትንበያህ ላይ አረፈ። አየህ፣ እሷ ነበረች!»

ኢዮብ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

«አዎ ዶክተር» አለ፤ «እሷ ነበረች።»

ቫይረሱን መፈለግ ገና አልጀመረም፤ የዘጋው ጭነቱን በየሰከንዱ የሚለካውን የራሱን ፕሮግራም ብቻ ነበር።