በጋቢው ጫፍ የቀረው አፈር

አያ አንዳርጋቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ከግድቡ ሥር በሚንዠቀዠቀው ውሃ ላይ ዘረጉት። ጠዋት ጠርቶ ይወርድ ነበር፤ አሁን ግን ጨርቁ ላይ ቀይ አፈር ቀረ። ግድቡ ከውስጡ እየተበላ ነው ማለት ነው፣ ልጆቼ። በገዛ እጃቸው የደለደሉት ግድብ ነበር፤ የመሬት አዋጁ ከመጣ ወዲህ ግን የገበሬ ማኅበሩ ሆኖ፣ እንዳይነኩት ተነግሯቸዋል። ዝናቡ አላባራም።

ባለቤታቸው ከግድቡ በታች አራስ ከተኛችበት ጎጆ እያለከለኩ ተመለሱ። "አራሷን አስወጧት ብዬ ለመንኋቸው። ክርስትናው ሳይደርስ አራስ ደጅ አትወጣም፣ ያውም በዝናብ፣ ብለው መለሱኝ።"

አያ ዶማቸውን አነሡ።

"ኧረ ይተዉ፤ አሻጥረኛ ብለው ያስሩዎታል።"

"ውሃውንስ ማን ያስርልኛል?"

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን እንዳነገተ በግድቡ ላይ ለላይ መጣ። የአራሷ ባል እሱ ነው። "አያ፣ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ዶማውን ያስቀምጡ" አለ። እሳቸው የጋቢውን ጫፍ ወደ እሱ ዘረጉ። አፈሩን በጣቱ ዳሰሰው፤ ቀና ብሎም ከጎጆው የሚወጣውን ጭስ አየ። ጠመንጃውን ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ አጋደመው።

"ግድቡን በየት በኩል ብንቀደው ነው ውሃው ቤቴን የሚስተው?"

አዛውንቱ ከግድቡ ጎን ያለውን፣ እሸት የያዘውን በቆሎ በአገጫቸው አሳዩት። የራሳቸው ነበር፤ የዓመት ቀለባቸው። ባለቤታቸው በቆሎውን ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ሄደው ከአጥሩ ሥር ሁለተኛውን ዶማ አመጡለት።