የተዋሱት ጃኬቶች

ተቆጣጣሪው ላይፍ ጃኬቶቹን አንድ በአንድ ሲቆጥር የጀልባዋ ነጂ ልቡ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል። አርባውንም ዛሬ ጠዋት ከጓደኛው ከይልቃል ጀልባ ነው የተዋሳቸው። የጣና ነጂዎች ቁጥጥር በመጣ ቁጥር እንዲህ ይዋዋሳሉ። ይልቃል «ነፋሱ ሳይነሳ እመለሳለሁ» ብሎ፣ ያለ ጃኬት ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ደሴቱ ሄዷል።

ነፋሱ ግን ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባዋን ከወደቡ ድንጋይ ጋር ያላትማት ጀመር።

ተቆጣጣሪው የእሳት ማጥፊያውን አየ፤ የመጸዳጃ ቤቱን በር ከፍቶ ዘጋና ፈረመ። «ጎበዝ፣ ሁሉም ተሟልቷል» አለው። ከዚያ ሐይቁን አሻግሮ እያየ ስልክ ደወለ።

«አይዞሽ የኔ ዓለም፣ ልጆቹን አረጋጊ። የይልቃልን ጀልባ ትናንት ራሴ ነኝ የመረመርኳት። ጃኬቱን ብቻ አልብሺያቸው።»